የእቴነሽ ምሰሶ

እቴነሽን በደንብ አውቃታለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ቤቷ የገባሁት አራት ጊዜ ነው፤ ከአራቱም ሁለቱን ከዝናብ ለመጠለል ነው። የቀረውን የሰማሁት ከጎረቤቶቿ፣ ከአንበሳሜው ስልክ ጠጋኝ ከየሱፍ፣ ጥቂቱንም ከራሷ አፍ ነው። ከእኔ የተሻለ የሚያውቃት ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር፤ የሚያውቋት ሰዎች ግን እርሻ አለባቸው። ስለዚህ የሰማሁትን እንደሰማሁት ላስቀምጠው።

ወይራ አፋፍ ከአንበሳሜ ገበያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ሃያ ሁለት አባወራ ይኖርበታል። ኔትወርክ ግን አይደርስበትም፤ ከፊቱ የቆመው ተራራ ይጋርደዋል። ዓለምነው የሚባለው ገበሬ፣ ወታደር የሆነው ልጁ በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ስልክ ላከለትና፣ እሱን ይዞ ላም እንደጠፋችበት ሰው አንድ ወር ሙሉ ተንከራተተ። ዛፍ ላይ ወጥቶ ሞከረ። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ዞሮ ሞከረ። ምንም የለም። ታዲያ በጊዮርጊስ ዕለት እቴነሽ ቤት ጠላ ሊጠጣ ሲገባ፣ ስልኩን ከነከረጢቱ የመሃል ምሰሶው ኩላብ ላይ አንጠልጥሎ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ዋንጫ ሳያጋምስ ስልኩ ጮኸ። ዓለምነው ደንግጦ ጠላውን ጉልበቱ ላይ ደፋው።

«አናግረው እንጂ! ጅብ መሰለህ?» አለችው እቴነሽ።

ከኩላቡ ሲያወርደው ተቋረጠ። መልሶ ሲሰቅለው መልሶ ጮኸ። በመጨረሻ ስልኩን ሳያወርድ፣ ግንባሩን ምሰሶው ላይ አስደግፎ፣ ከልጁ ጋር ተነጋገረ። እንባውን በጋቢው እየጠረገ ወጣ።

በማግስቱ አበበች መጣች። የአበበች አንድያ ልጅ ማኅደር ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በሳምንቱ ሌሎች ሦስት ሰዎች መጡ። ዓመቱ ሲዞር ከእቴነሽ ምሰሶ ላይ አሥራ ዘጠኝ ስልክ ተንጠልጥሎ ነበር። ጎረቤቶቿ አዋጥተው ጣሪያዋ ላይ ሶላር አስቀመጡላት። ከሶላሩም አንድ አምፖል ተረፈና እሱም ምሰሶው ላይ ተሰቀለ።

እቴነሽ ራሷ ስልክ አልነበራትም። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሁለቱ ትልልቅ ልጆቿ እዚያው አጠገቧ አግብተው ወጥተዋል፤ ከሩቅ የሚደውልላት ሰው የለም። ፊደልም አልቆጠረችም። የሰዎቹን ስልክ የምትለየው ባሰረችበት ክር ነው። ቀዩ የአበበች፣ አረንጓዴው የዓለምነው፣ ጥቁርና ነጩ የቄስ በላይነህ። አንዱ ሲጮኽ አፋፉ ላይ ትወጣና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትጣራለች፦

«አበበች ሆይ! ቀዩ ነው! ቤይሩት ናት!»

አበበች አረሟን ጥላ ሽቅብ ትሮጣለች።

ግንባርን ምሰሶ ላይ አስደግፎ የሚወራ ወሬ ምስጢር አይሆንም። የማን ልጅ እንደታሰረች፣ የማን ልጅ ሳያስፈቅድ እንዳገባ፣ ከሁሉም ቀድማ የምትሰማው እቴነሽ ናት። አንድም ቀን ግን ከአፏ አልወጣም። ይኼን ጠላት የሚሏት ሰዎች እንኳ ይመሰክሩላታል።

ከስልኮቹ ሥር የሟች ባሏ ሬዲዮ አለ። ስልክ ሊጮኽ ጥቂት ሲቀረው ሬዲዮው «ድዝ… ድዝ ድዝ ድዝ» ይላል። እቴነሽ ይኼን ለምዳ፣ ስልኩ ሳይጮኽ ከተቀመጠችበት ትነሣለች። የመጨረሻ ልጇ ብርቱካን ትስቅባታለች።

«እማዬ፣ ነቢይ ሆነሻል እኮ።»

«ነቢይ ከሆንኩማ የፈተናሽን ውጤት እነግርሽ ነበር። ዝም ብለሽ አጥኚ።»

ብርቱካን ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል። የጠፍር አልጋዋ ራስጌ ከምሰሶው ሥር ነበር። እዚያ ያስቀመጠችው እናቷ ናት። ብርቱካን ከግድግዳው አጠገብ ይሻለኛል ብላ ነበር፤ እቴነሽ ግን «መብራቱ ያለው እዚህ ነው፤ ዓይንሽን በኩራዝ አታጥፊው» ብላ በእጇ ጎትታ አምጥታ አስጠጋቻት። ከዚያ ወዲህ ብርቱካን ሁለት ዓመት ያህል ከአሥራ ዘጠኙ ስልክ ሥር ተኛች።

በሁለት ሺህ ስድስት ጥቅምት ላይ ልጅቷ ራሴን ማለት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ይብስባታል። እቴነሽ ዳማከሴ አሸተተቻት፤ ቄስ በላይነህ ጸበል ረጩላት፤ ትንሽ ተወት አደረጋትና ደግሞ ተነሣባት። የዚያ ሰሞን እቴነሽ የተበላሹ ሁለት ስልኮች ይዛ አንበሳሜ ወደ የሱፍ ሱቅ ወረደች። የሱፍ ጨዋታ የሚወድ ልጅ ነው።

«እትዬ፣ ቅርንጫፍ ቢሮ ከፈቱ አሉ! ስንት ደረሱ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ? አንድ ምሰሶ ላይ? እኔ እንኳ ነጋዴው ይኼን ያህል ከራሴ በላይ አልሰቅልም!»

«ምን ይሆናል ብለህ ነው?»

«ጨረር አለው ይላሉ። ኔትወርኩ ሲርቀው ደግሞ ስልኩ ይብስበታል፤ በጆሮ የማይሰማ ጩኸት ይጮኻል። ሬዲዮ አጠገቡ ሲሆን ድዝ ድዝ ሲል ሰምተው አያውቁም? እሱ ነው።»

እቴነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ምን ያደርጋል?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! ራስ ያማል ይላሉ… እንትን ያወጣል ይላሉ…» ቀና ሲል ፊቷን አየ። «ወላሂ ወሬ ነው እትዬ። የሰው ወሬ። ይተዉት።»

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ «ምነው ያን ቀን ዲዳ ባደረገኝ» እንዳለ እኔው ሰምቻለሁ።

እቴነሽ ቤቷ ገብታ ሬዲዮው ፊት ተቀመጠች። ብርቱካን አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች። ድዝ… ድዝ ድዝ ድዝ። ይኼን ድምፅ ሦስት ዓመት እንደ እንግዳ ማስታወቂያ ስትሰማው ኖራለች። አሁን ግን ከምሰሶው ወጥቶ፣ በልጇ ራስ ውስጥ አልፎ፣ ሬዲዮው ላይ ሲያርፍ ታየት። አረንጓዴው ክር መጮኽ ጀመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለምነውን አልጠራችውም። አልጋውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ልጅቷን እላዩ ላይ እንደተኛች፣ እስከ ግድግዳው ድረስ ጎተተችው።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«ብርድ ይገባሻል።»

«ብርዱ ያለው እዚህ ነው እኮ!»

ራስ ምታቱ አልጋውን ተከትሎ ሄደ። ጥር ላይ ብርቱካን ትምህርት ቤት አስመለሳት፤ አንዱን ሰው ሁለት አድርጋ ማየት ጀመረች። እቴነሽ ደብረ ታቦር ወሰደቻት፤ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር ጻፉላት። ጎንደር ላይ ራሷን በመሣሪያ አነሡና አንዲት ወጣት ሐኪም እቴነሽን ለብቻዋ ጠራቻት። በልጅቷ ራስ ውስጥ እብጠት አለ። መከፈት ይኖርበታል።

እቴነሽ አላለቀሰችም። ለረጅም ጊዜ የሐኪሟን ጠረጴዛ አየች። ጠረጴዛው ላይ ስልክ ነበር።

«እኔ ነኝ ያመጣሁባት?» አለች፤ ስለ ምሰሶው፣ ስለ አልጋው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ሬዲዮው ሁሉንም ተናገረች።

ሐኪሟ አላቋረጠቻትም። «እናቴ፣» አለች በመጨረሻ፣ «ይኼ ሕመም ስልክ ሳይመጣም ነበር። ስልክ ማየት ቀርቶ ስሙን እንኳ ያልሰማ ሰውንም ይይዘዋል። ብዙ ተጠንቷል፤ ስልክ ያመጣዋል ብሎ ያረጋገጠ የለም።»

«ያረጋገጠ የለም ማለት፣ አያመጣም ማለት ነው?»

«የሚጠረጥሩም አሉ። ብዙው ጥናት ግን አላገኘበትም። እርስዎ ጥፋት አልሠሩም።»

«እንግዲያው ማይልኝ ልጄ። ‹ጊዮርጊስን፣ ስልኩ አይደለም› ብለሽ ማይልኝ።»

«በማላውቀው አልምልም እናቴ። የማውቀውን ግን ነግሬዎታለሁ።»

በወይራ አፋፍ ላም ጠፍቶ ሌባው ሲሰወር፣ የተጠረጠረ ሁሉ በጊዮርጊስ ደጅ ይቆማል። የማለ ነፃ ይወጣል። አልምልም ያለ ሰው ሌላ ምስክር አይፈለግበትም፤ ነገሩ አለቀ። እቴነሽ ሐኪሟ የነገረቻትን ሁሉ ሰምታለች፤ ይዛው የወጣችው ግን «አልምልም»ን ብቻ ነው። በራሷ ላይ እንደተፈረደባት ቆጠረችው።

የካቲት ላይ ብርቱካን ተከፈተች። እብጠቱን የቻሉትን ያህል አወጡ፤ የቀረው ቢላ የማይገባበት ቦታ ነው አሉ። ግራ ዓይኗ ፈዘዘ። ሐኪሞቹ ከሆስፒታል ብዙ እንዳትርቅ ስላሉ ደብረ ታቦር አክስቷ ሙሉ ዘንድ ከረመች፤ ለፋሲካ ግን ቤቷ ትመጣለች ተባለ። እቴነሽ ቤቱን ላዘጋጅ ብላ ቀድማ ተመለሰች። የምታዘጋጀው ምን እንደሆነ አውቃ ነበር። ልጇ ምሰሶው ላይ አንድ ስልክ ሳይኖር መግባት አለባት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን በደጀ ሰላሙ ሰብስባ ነገረቻቸው። ቀድሞ አፉን የከፈተው ዓለምነው ነው።

«እኛስ ከዚያ ምሰሶ ላይ ግንባራችንን ለጥፈን የኖርነው? ጨረር ከሆነ ድርሻችንን በልተናል ማለት ነው።»

«አንተማ ከራስህ ውስጥ ምን ያገኛል!» አለችው አንዷ።

ተሳሳቁ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ሁሉም ለእቴነሽ አዘኑላት። ማክሰኞ ደቦ ወጡና ረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ቆርጠው ከቤቷ ደጃፍ፣ ከምሰሶው ስድስት እርምጃ ርቆ ተከሉ። ስልኮቹን አንድ በአንድ ሰቀሏቸው። ምንም። ወደ ግራ ነቅለው ተከሉት፤ ወደ ቀኝ ነቅለው ተከሉት። ምንም።

«ኔትወርኩም እንደ ድመት ምድጃ ለመደ» አለ ዓለምነው ላቡን እየጠረገ።

ስልኮቹ ወደ ምሰሶው ተመለሱ። ሰዎቹም ሌላ ቀን እንመክርበታለን ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

እቴነሽ ብቻዋን መከረች። ከቤቷ ጥግ ገብስ የምታስቀምጥበት የጭቃ ጎታ አለ፤ የግድግዳው ውፍረት አንድ ክንድ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ነቀዝም፣ አይጥም፣ እርጥበትም አያልፈውም። ጨረሩንም ይይዘዋል ብላ አሰበች። ድምፅ ግን ያልፋል፤ ጎረቤት በጭቃ ግድግዳ ተጣርቶ ይሰማ የለም ወይ? ከጎታው አጠገብ ቁጭ ብዬ ካዳመጥኩ የጮኸውን አውጥቼ እሰቅለዋለሁ አለች። ረቡዕ ጠዋት አሥራ ዘጠኙን ስልክ ገብሱ ላይ ደረደረችና ክዳኑን ገጠመች። ፈትሏን ይዛ ጆሮዋን ጎታው ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ረቡዕ ማንም አልደወለም። ሐሙስ ማንም አልደወለም። ዓርብ ሬዲዮውን ከፈተችው፤ ዘፈኑን ያለ ድዝታ ጥርት አድርጎ አሰማት። ቤቷ የዳነ መሰላት። የሚደውሉትም ሰዎች ለጾሙ ብለው የተዉት መሰላት።

ቅዳሜ አበበች ከአንበሳሜ ገበያ ስትመለስ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ቀጥታ ሽቅብ ወጣች። ዓለምነውና ሌሎች ገበያተኞች ከኋላዋ ነበሩ። ቤት ገብታ መጀመሪያ ያየችው ምሰሶውን ነው። ኩላቦቹ ባዶ ነበሩ።

«ስልኬ የት አለ?»

እቴነሽ ክዳኑን ከፈተችላት። ዓለምነው አንገቱን አስግጎ ጎታው ውስጥ አየ።

«ኔትወርኩን ከገብስ ጋር ዘራሽው? ቢበቅል ማን ሊያጭደው ነው?»

ማንም አልሳቀም፤ እሱም ወዲያው አፈረ።

ማኅደር ሐሙስ ዕለት ደውላ ነበር። ደጋግማ ደውላ አልነሣ ሲላት፣ አብራት የሄደች የአንበሳሜ ልጅ ለእናቷ ነገረች፤ እናትየው ናት ገበያ ላይ ለአበበች የነገረቻት። ቤይሩት ያሉት አሠሪዎቿ ለሌላ ቤት አሳልፈው ሊሰጧት ነበር፤ የአዲሱን ቤት ሰዎች ስምና ሰፈር ለእናቷ ልትነግር ፈልጋ ነው። ዓርብ ወሰዷት። ስልኳን ቀምተዋታል። የት እንደወሰዷት ያቺ ጓደኛዋም አታውቅም።

«ጆሮዬን ደግኜ ነበር» አለች እቴነሽ። «ሦስት ቀን ከዚህ አልተነሣሁም። አልጮኸም። ማርያምን አበበች፣ አልጮኸም።»

አበበች ቀይ ክር ያለውን ስልክ ከገብሱ አወጣችና በቀሚሷ ጠረገችው። አልጮኸችባትም፣ አልረገመቻትም።

«እኔስ ልጅ የለኝም እንዴ?» አለች ብቻ።

እቴነሽ ጎታው ውስጥ ጎንበስ አለችና ስልኮቹን አንድ በአንድ እያወጣች፣ ገብሱን ከላያቸው እያራገፈች፣ በየኩላባቸው ሰቀለቻቸው። የመጨረሻውን ቀዩን ከአበበች እጅ ተቀብላ ሰቀለችው። ሬዲዮው ድዝ አለ። ሁሉም ዘወር ብለው አዩት። የጮኸው የዓለምነው ነበር፤ ዓለምነውም ልጁን ላናግር ብሎ ወደ ምሰሶው ለመጠጋት ድፍረት አጣ።

ፋሲካ መጣ፤ ብርቱካን አልመጣችም። እናቷ ለአክስቷ ለሙሉ «እዚያው ትሁንልኝ፤ መንገዱ ያንገላታታል» ብላ ላከችባት። ዶሮውን አርዳ በሰው እጅ ደብረ ታቦር አደረሰችላት። ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። ወደ ልጄ ልሂድና ከተማ ልግባ ብላ አስባ ታውቃለች። ግን ቤቷን ብትዘጋው ምሰሶው ይዘጋል፤ ቁልፉን ለሰው ብትሰጥ ቀይና አረንጓዴ ማን ይለያል? አበበች በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትመጣና ደፍ ላይ ተቀምጣ ቀዩን ክር ታያለች። ከዚያች አፍንጫ ሥር ቤት ቆልፎ መሄድ አይሆንላትም። ስትሄድም በሦስት ሳምንት አንዴ፣ አድራ ለመመለስ ነው።

በመሃል የሁለቱንም ልብ የሚበላ አንድ ነገር አለ። ብርቱካን ከቀድሞ ጀምሮ በቃሏ የያዘችው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም የአበበች። አበበችን ወክላ ለማኅደር መልእክት ስትጽፍ በቃሏ የቀረላት ነው። ስለዚህ ከደብረ ታቦር ስትደውል የሚጮኸው ቀዩ ነው። እቴነሽ «ሌላ ስልክ ላይ ደውይ» ልትላት ፈልጋ ነበር፤ አበበች ናት የከለከለቻት። «ይጩኽ፤ ሲጮኽ መስማቱ ራሱ ይሻለኛል» አለች።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ እንዳባራ ሬዲዮው ድዝ አለ። እቴነሽ ተነሣች። ቀዩ ጮኸ። አፋፉ ላይ ሳትወጣ አበበች ከታች ሰምታ መጣች፤ እግሯ በጭቃ ተለውሶ፣ እስትንፋሷ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። እቴነሽ ስልኩን ከኩላቡ ሳታወርድ አነሣችው፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ክፍት ነበር።

«እማዬ?»

አበበች ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ጭቃውን ከእግሯ በእንጨት ትፍቅ ጀመር።

እቴነሽ ግንባሯን ምሰሶው ላይ አስደገፈች። «እንዴት ዋልሽ የኔ ዓለም? ራስሽስ?»

«ደህና ነኝ። ዛሬ አልተነሣብኝም። እማዬ፣ ሐምሌ ላይ ልምጣ? ሐኪሙ ቀጠሮዬን ለነሐሴ አድርጎታል። አንድ ወር ሙሉ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

«ክረምት ነው። ወንዙ ሞልቷል።»

«ሁልጊዜ ምክንያት አታጪም። ሙሉን ጠየቅኋት፤ እሷም ፊቷን ታዞርብኛለች። ልጆቿ ደግሞ ሌላ ነገር ይሉኛል።»

«ምን ይሉሻል?»

«ምሰሶው ነው ይላሉ። ስልኩ ነው ያሳመማት፣ እናቷ ናት ከሥሩ ያስተኛቻት ይላሉ።» መስመሩ ተንኮሻኮሸና ተመለሰ። «እኔ አላመንኳቸውም እማዬ። ሐኪሞቹም እንደዚያ አላሉኝም። ግን ካንቺ አፍ ልስማው። አይደለም በይኝ።»

እቴነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ከግንባሯ በላይ ሌሎቹ አሥራ ስምንት ስልኮች ተንጠልጥለዋል፤ አምፖሉም እዚያው ነው።

«እማዬ፣ ጊዮርጊስን ብለሽ ማይልኝ። አይደለም በይኝና እተኛለሁ።»

አበበች እግሯን መፋቅ አቆመች።

«ምሳ በላሽ?» አለች እቴነሽ።